ጋቢ የለበሱት 30 ወታደሮች፦ የአንድ ጦር የጉዳይ ጥናት

ሰውየው ዳይሱን ከጠረጴዛው ላይ አላነሳም። የኔን ወታደር አየ። ጎንበስ ብሎ እንደገና አየው።

"ይሄ ሜልታ ነው እንዴ?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት።

"በፍጹም አላወቅኩትም" አለና ቀና አለ። ሌላ ነገር አልተናገረም። የተቃጠለበትን ተሽከርካሪ አንስቶ ወደ ጎን አስቀመጠው።

ያ ወታደር ቁመቱ 3 ሴንቲሜትር አካባቢ የሆነ የፕላስቲክ መጫወቻ ነው፤ ሜልታ የያዘው መሣሪያ ስም ነው። ሁለት ሙሉ ምሽት ሠርቼበታለሁ። ከ30ዎቹ ሁሉ የምወደው እሱን ነበር። ያን ቀን ግን እጄ ላይ ይዤው ዝም ብዬ ቆምኩ። ጨዋታውን አሸንፌያለሁ፤ ደስ አላለኝም። ምን እንዳበላሸሁ ለማወቅ ሳምንታት ወሰደብኝ። ለማስተካከል ደግሞ ወራት።

ለማያውቁት ላስረዳ። ጨዋታው ዋርሃመር 40,000 ይባላል። ኖቲንግሃም ላይ ያለው ጌምስ ወርክሾፕ የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ነው። ታሪኩ ከዛሬ 38 ሺህ ዓመት ገደማ በኋላ የሚሆን ነው። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ጦራቸውን ያሰልፋሉ። በሜትር ገመድ እየለኩ ያንቀሳቅሳሉ፤ ርቀቱ ሁሉ በኢንች ነው። ዳይስ እየጣሉ ይተኩሳሉ። ወታደሮቹ ግን ተሠርተው አይመጡም። በፕላስቲክ ፍሬም ላይ ክንዱም፣ ጭንቅላቱም፣ መሣሪያውም ለየብቻ ተበታትኖ ነው የሚመጣው። ቆርጦ፣ አጣብቆ፣ ቀብቶ ማቆም የባለቤቱ ሥራ ነው። ለብዙዎቻችን ከጨዋታው ይልቅ ልብ የሚሰርቀው ይሄኛው ነው።

ከሳጥኑ ሥዕል ወጣ ብሎ ሞዴሉን ወደራስ ሐሳብ መቀየር ኮንቨርዥን ይባላል። ከጨዋታው ጋር አብሮ የተወለደ ልማድ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ገበያ ላይ ያለው ሞዴል ትንሽ ስለነበር፣ የኩባንያው መጽሔት ራሱ ከዲኦድራንት ዕቃ የጦር ተሽከርካሪ እንዴት እንደሚሠራ ያስተምር ነበር። አሁን ሞዴሉ ሞልቷል። ልማዱ ግን አልቀረም።

ሐሳቡ ከየት መጣ

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ጨዋታውን የጀመርኩት እዚሁ፣ የሥራ ባልደረባዬ አስተምሮኝ ነው። የመረጥኩት ጦር አስትራ ሚሊታረም ይባላል፤ ድሮ ኢምፔሪያል ጋርድ ይባል የነበረው። በጨዋታው ውስጥ ካሉት ጦሮች ሁሉ ተራ ሰዎች የሚዋጉበት ይሄ ነው። ግዙፍ ትጥቅ የለበሱ አይደሉም፣ ልዩ ኃይልም የላቸውም። ጠመንጃ የያዘ ሰው ብቻ።

በጨዋታው ታሪክ መሠረት የሰው ልጅ ግዛት አንድ ሚሊዮን ያህል ዓለማት አሉት። እያንዳንዱ ዓለም ክፍለ ጦር ያዋጣል። አንዱ የበረዶ አገር ሰው ነው፣ አንዱ የበረሃ፣ አንዱ የጫካ። ተጫዋቹ የራሱን ዓለም ፈጥሮ የራሱን ክፍለ ጦር ቢያቆም የሚከለክለው የለም። እንዲያውም ይበረታታል።

እኔም ደጋ አገር አሰብኩ። ጠዋት ጠዋት ብርዱ አጥንት የሚሰብር፣ ጉም የማይለየው። እንደዚህ ያለ ቦታ ላይ ዘብ የቆመ ሰው ምን ይለብሳል? መልሱ አልከበደኝም። በልጅነቴ ሌሊት በር ላይ የሚያድረው ዘበኛችን ትዝ አለኝ። ካፖርቱ ላይ ጋቢ ደርቦ ነበር የሚያድረው።

ስለዚህ 30 ወታደር፣ 30 ጋቢ።

አሠራሩ

የገዛሁት አዲሱን ሳጥን አይደለም። ካዲያን የሚባሉት ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የቆየ የፕላስቲክ ስሪት አላቸው። በ2023 በአዲስ ተተክቷል። አሮጌውን ያገለገለ በርካሽ አገኘሁት። ለኮንቨርዥን ከአዲሱ ይሻላል ባይ ነኝ። እግሩ ከወገብ ይለያል። ክንዱ፣ ደረቱ፣ ጭንቅላቱ ሁሉ ለየብቻ ነው። እንደፈለጉ ማዟዟር ይቻላል። አንድ ጉድለት አለው። በዚያ የድሮ ሳጥን ውስጥ ያለው ልዩ መሣሪያ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ ነበልባል የሚረጨው ፍሌመርና ቦምብ ወርዋሪው ግሪኔድ ላንቸር። ፕላዝማና ሜልታ የሚባሉት መሣሪያዎች ከሌላ ሳጥን መለቀም ነበረባቸው። አብሮኝ የሚጫወት ልጅ ከትርፍራፊ ሣጥኑ ሰጠኝ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ቆይቶ ይመጣል።

ፕላስቲኩን ማጣበቅ ቀላል ነው። ለፕላስቲክ ሞዴል የሚሸጠው ማጣበቂያ ፕላስቲኩን በጥቂቱ ያሟሟዋል፤ ሁለቱ ክፍሎች ሲገናኙ አንድ አካል ይሆናሉ። ለብረትና ለሬዚን ግን አይሠራም፤ ለእነሱ ሱፐር ግሉ ነው። ከማጣበቅ በፊት ከሻጋታው የቀረውን መስመር በቢላው ጀርባ መፋቅ ያስፈልጋል። ይህን የዘለለ ሰው ቀለም ሲቀባ ይጸጸታል። ቀለም መስመሩን ይደብቀዋል ብሎ የሚያስብ ሁሉ ተሳስቷል፤ ያጎላዋል እንጂ።

ፈተናው ጋቢው ነበር።

መጀመሪያ ሶፍት በውኃ በቀጠነ ነጭ ኮላ ነክሬ ትከሻቸው ላይ ጣልኩት። እጥፋቱ ያምራል፤ እንደ እውነተኛ ጨርቅ ይወድቃል። ሲደርቅ ግን ጫፉ እንደ ቅጠል ይሰባበራል። ጠረጴዛ ላይ በጣት ሃምሳ ጊዜ ለሚነሳ ሞዴል አይሆንም። ለሁለት ወታደር ሞክሬ ተውኩት።

ቀጥሎ ግሪን ስታፍ የሚባለው ፑቲ መጣ። ሰማያዊና ቢጫ ሆኖ ነው የሚሸጠው። ሁለቱን እኩል ቆንጥሮ አረንጓዴ እስኪሆን ማሸት ነው። ከተቀላቀለ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይታዘዛል። ከዚያ እየጠነከረ ይሄዳል፤ በማግስቱ ጎማና ፕላስቲክ መሀል የሆነ ነገር ነው። ቢጫው ከበዛ ለስለስ ይላል፤ ሰማያዊው ከበዛ ጠንካራ ይሆናል። ለጨርቅ ቢጫውን በትንሹ አበዛለሁ።

የተቀላቀለውን ፑቲ ቫዝሊን በቀባሁት ላስቲክ መሀል አስገብቼ በጠርሙስ ዳመጥኩት። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ገደማ ተውኩት። ወዲያው ከተቆረጠ ጣት ላይ ይጣበቃል፣ ይሳባል፣ ቅርጹን ያጣል። ትንሽ ሲያርፍ ግን እንደ ስስ ቆዳ ይሆናል። በምላጭ አራት ማዕዘን ቆርጬ፣ በስቴኪኒ ጫፍ አንስቼ ትከሻው ላይ አኖርኩት። እጥፋቱን በስቴኪኒ እየጫንኩ አወጣሁ። መሣሪያው ሁሌ በውኃ መርጠብ አለበት። ደረቅ ስቴኪኒ ፑቲውን ይዞት ይነሳል።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ፍራሽ የተጠቀለሉ መሰሉ። ምክንያቱን ለማግኘት ሒሳብ ሠራሁ። ሞዴሉ ወደ 28 ሚሊሜትር ነው። ሰውን 1 ሜትር ከ70 ብንል፣ ልኩ አንድ ለ60 ገደማ ይመጣል። ፑቲውን የዳመጥኩት 1 ሚሊሜትር ነበር። በሰው ልክ 6 ሴንቲሜትር ማለት ነው። በዓለም ላይ 6 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ጋቢ የለም። እናቴ አራት እጥፍ የምታስፈትለው ጋቢ እንኳ እዚያ አይጠጋም። ወደ ግማሽ ሚሊሜትር አወረድኩት። ከዚያ በታች ስሄድ እየተቀደደ አስቸገረኝ። እዚያ ላይ ቆምኩ። ሒሳቡ አሁንም ወፍራም ነው ይላል፤ ዓይን ግን ይቀበለዋል። በዚህ መጠን ላይ ጨርቅ ጨርቅ እንዲመስል ትንሽ መጋነን አለበት። የሞዴሎቹ እጅና ጭንቅላትም እኮ ከሰውነታቸው ጋር ሲተያይ ትልልቅ ነው።

ቀለሙ ሌላ ትግል ነው። ነጭ ጨርቅ በነጭ ቀለም ከተጀመረ ያለቀለት ነው። ከዚያ በላይ የሚደምቅ ነገር አይኖርም፣ እጥፋቱም ይጠፋል። የአጥንት ቀለም በሚመስል ደብዛዛ ነጭ ጀመርኩ። ቡናማ ግራጫ ቀለም በጣም አቅጥኜ እጥፋቱ ውስጥ አፈሰስኩ። ከደረቀ በኋላ የእጥፋቱን ጀርባ ብቻ በንጹሕ ነጭ ነካ ነካ አደረግኩ። በመጨረሻ ጥለቱ። ቀጭን ቀይ መስመር፣ ከታችና ከላይ። በ30ዎቹም ላይ አንድ ዓይነት። አንድ ክፍለ ጦር መሆናቸው እንዲታይ ብዬ ነው። በእጅ የተሳለ መስመር ስለሆነ እዚህም እዚያም ይንቀጠቀጣል፤ የሸማኔ ጥለት ግን ቀጥ ያለ ነው። አንዳንዱን አራት ጊዜ አጥፍቼ ሳልኩት።

ስንቱን ምሽት እንደወሰደ አልቆጠርኩም። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ሄዷል።

ጠረጴዛ ላይ

አንድ ሰፈር ውስጥ ያለ ሱቅ የአንድ ቀን ውድድር አዘጋጀ። የተጫወትነው እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው 10ኛው እትም ሕግ ነው፤ የጦሩ ጠቅላላ ዋጋ በ1,000 ነጥብ ተወስኖ። በዚህ እትም ጦሩ ሙሉ በሙሉ ከተቀባ፣ ከ100ው የውጤት ነጥብ 10ሩ ለቀለሙ ይሰጣል። ሰዎች ጋቢዎቹን እየመጡ አዩ። ፎቶ አነሱ። አንድ ሽማግሌ "ይሄን ጨርቅ በምን ሠራኸው?" ብለው ብዙ ቆሙ። ደረቴ ነፋ አለ።

ሁለተኛው ዙር ላይ ያ ሰውዬ ገጠመኝ። እሱ የያዘው ስፔስ ማሪን የሚባለውን፣ ግዙፍ ትጥቅ የለበሱትን ጦር ነው። ጨዋና በጥንቃቄ የሚጫወት ሰው። ከመጀመራችን በፊት የጦር ዝርዝሬን ሰጠሁት። 30ዎቹ በሦስት ቡድን የተከፈሉ ናቸው፤ ዝርዝሩ ላይ ሦስተኛው ቡድን አንድ ሜልታና አንድ ግሪኔድ ላንቸር እንዳለው በግልጽ ተጽፏል። አነበበው። ራሱን ነቀነቀ። ጀመርን።

ሜልታ በጣም ቅርብ የሆነ፣ በጣም የሚያቃጥል መሣሪያ ነው። የሚደርሰው 12 ኢንች ብቻ ነው። 6 ኢንች ውስጥ ከገባ ግን የሚያደርሰው ጉዳት ይጨምራል። ለተሽከርካሪ የተሠራ ነው። ተራው ጠመንጃ ተሽከርካሪ ላይ ይህን ያህል አይሠራም። ስለዚህ ተሽከርካሪ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ሜልታው የት ነው?" ብሎ ነው።

በዚያው ጨዋታ ሦስተኛ ዙር ላይ ራይኖ የሚባለውን ወታደር ማጓጓዣውን ከሦስተኛው ቡድኔ 5 ኢንች ላይ አቆመው። ውስጡ 10 ወታደር አለ። ራይኖ 10 ጉዳት ይቋቋማል፤ ቀደም ሲል ታንኬ 4 አድርሶበት 6 ቀርቶት ነበር። ሰውየው መንገዴን ሊዘጋ ነው የመጣው። ከፊቱ የሚያየው አሥር ጋቢ የለበሱ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ነው።

ተራዬ ደረሰ። ሜልታው ተኮሰ። ለመምታት 4 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ 4 ወጣ። ለመጉዳት እንደገና 4 ወይም ከዚያ በላይ፤ 5 ወጣ። መከላከያው በሜልታ ፊት ዋጋ የለውም። ጉዳቱ የአንድ ዳይስ ውጤት ሲደመር 2 ነው፤ ስለዚህ ለመጨረስ ሦስተኛ ጊዜ 4 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልገኛል። 5 ወጣ። 7 ጉዳት። ራይኖው አለቀለት። የሦስቱ ዕድል ተባዝቶ ከስምንት አንድ ነው። ሆነ።

ያኔ ነው ዳይሱን ሳያነሳ ወታደሬን ያየው።

የሱ ሰዎች መሀል ሜዳ ላይ ወርደው ቀሩ። የኔ ሰዎች ተኮሱባቸው። ጨዋታው እዚያ ላይ አለቀ ማለት ይቻላል። እርምጃህን መልሰህ ውሰደው አልኩት። "አይሆንም፣ ወረቀቱ ላይ አለ" አለ። አዘጋጁ መጣ። ሞዴሉን አየ። ዝርዝሩ አስቀድሞ ስለተሰጠ ውጤቱ ይጸናል አለ። ከዚያ ለብቻዬ ወደ ጎን ወስዶኝ፣ ወታደሩ የያዘው መሣሪያ ከሞዴሉ ላይ መታየት እንዳለበት በትሕትና ነገረኝ። የምታየው ነገር፣ ያለው ነገር መሆን አለበት። የዚህ ጨዋታ የቆየ ደንብ ነው። አውቀዋለሁ። የጠበቅኩትም መስሎኝ ነበር።

ወረቀቱን በጅምሩ አንብቦታል፣ እውነት ነው። ግን ሰው ለሁለት ሰዓት ያህል ሲጫወት ወረቀት አያይም። ጠረጴዛውን ነው የሚያየው። ውሳኔውን ሁሉ የሚወስነው በዓይኑ ነው። ወረቀቱን ስለሰጠሁ አላጭበረበርኩም፤ ይህን አምናለሁ። ያ ሰው ግን የኔን ጦር ማንበብ ሳይችል ነው የተጫወተው። እንዲህ ያለ ጨዋታ እኩል ጨዋታ አይደለም።

ምን ነበር የተበላሸው

ቤት ገብቼ ወታደሩን መብራት ሥር አስቀመጥኩት። ሲታይ ሦስት ነገር አለበት።

ሜልታ የሚታወቀው በአፉ ነው። አጠር ያለ ወፍራም በርሜል፣ ጫፉ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው። እኔ ጋቢውን ከፊት ለፊት ስጠቀልለው በርሜሉ እየገፋው አልዘጋ አለኝ። ስለዚህ ከጫፉ 3 ሚሊሜትር ቆረጥኩ። ያን ምሽት ትንሽ ነገር መስሎኝ ነበር። የቆረጥኩት ግን መሣሪያው የሚለይበትን ክፍል ነው። የቀረውን ደግሞ ጋቢው ሸፈነው። ሦስተኛ፣ ቀለሙ። መሣሪያዎቹን ሁሉ በአንድ ጥቁር ግራጫ ነበር የቀባሁት። ዓይን ወደ ነጩ ጋቢ እንዲሄድ ፈልጌ ነው። ሄደ፤ ከዚያም አልተመለሰም።

ግን የአንዱ ብቻ ጥፋት ይሁን የሁሉም ማወቅ ነበረብኝ። 30ዎቹን የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እንደ ጨዋታ ደረደርኳቸው። ሰው ቆሞ በሚያይበት ርቀት፣ ከአንድ ሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ክፍሎቹን ለሰጠኝ ልጅ ላክሁለት። በሦስቱ ቡድን ውስጥ ስድስት ልዩ መሣሪያ አለ፤ ፈልገህ አክብብልኝ አልኩት። ከስድስቱ ሁለት አገኘ። አንዱን ደግሞ በስህተት አከበበ፤ ሬዲዮ የተሸከመ ወታደር ነበር። ሜልታውን እሱ ራሱ ነው የሰጠኝ። አላገኘውም።

ሌላም ነገር ነገረኝ። ሦስቱን ቡድን መለየት አልቻለም። ሁሉም ቀይ ጥለት ነው ያላቸው። ቡድኖቹ ጠረጴዛ ላይ ሲቀራረቡ ማን የማን እንደሆነ እኔም ግራ የተጋባሁበት ጊዜ ነበር።

እናቴ

ፎቶውን ካነሳሁ በኋላ ጠረጴዛው ሳይነሳ አደረ። ጠዋት እናቴ ቡና ልታፈላ ገባች። መነጽሯን አድርጋ አንዱን አነሳችው። ከዚህ በፊት መጫወቻዬን ነክታ አታውቅም።

"ይሄ ጋቢ ነው?"

"ጋቢ ነው እማዬ።"

አዟዙራ አየችው። "ታሟል እንዴ?"

"ኧረ ወታደር ነው። ለምን ታመመ አልሽ?"

"እጁን ውስጥ ከትቶ እስከ አንገቱ የሚከናነብ የታመመ ሰው ነዋ። ወይ ከእንቅልፉ የተነሳ። ሥራ ያለው ሰው እንዲህ አይለብስም ልጄ።"

ወደ ክፍሏ ሄዳ ጋቢዋን ይዛ መጣች። ትከሻዋ ላይ ጣለችው። የቀኙን ጫፍ በቀኝ ክንዷ ሥር አሳልፋ ደረቷ ላይ አምጥታ ወደ ግራ ትከሻዋ ወረወረችው። ቀኝ እጇ እስከ ትከሻዋ ነጻ ሆነ። በዚያው እጇ ጀበናውን አነሳች። ጋቢው አልተነቃነቀም። "አባትህ እርሻ ሲዞር እንዲህ ነበር" አለች።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ስድስት ወር ሙሉ ጋቢ ስሠራ አንድ ቀን እንኳ ጋቢ ለብሼ መስታወት ፊት አልቆምኩም። ጨርቁን ነበር የሠራሁት፤ አለባበሱን አይደለም። የዘበኛችን ትዝታ እንኳ ቢሆን ተቀምጦ ሲያንቀላፋ ያየሁት ነው። ቀን ሲሠራ እንዴት ይለብስ እንደነበር ልብ ብዬ አላየሁም። ቀኝ እጁን ያወጣ ሰው ጠመንጃውም ይወጣል። ሰው ጋቢ ለብሶ እንዲሠራ ተብሎ ድሮ የተገኘው መላ፣ የኔን ችግር አብሮ ይፈታዋል።

ያን ጠዋት ስልኬን ሰጥቻት ጋቢዋን ራሴ ለበስኩ። መጥረጊያ እንደ ጠመንጃ ይዤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ ፎቶ አነሳችኝ። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሁሉ በእነዚያ ፎቶዎች ነው።

ጥገናው

30ውንም አላፈረስኩም። ማፍረስ ያለብኝ ዘጠኝ ነበሩ፤ ስድስቱ ልዩ መሣሪያ የያዙትና ሦስቱ የቡድን መሪዎች። ሰው በዓይኑ የሚፈልጋቸው እነዚህን ነው። ተራ ጠመንጃ የያዘው ተከናንቦ ቢቆም ማንንም አያሳስትም። ሦስት አራቱ ብርድ ላይ ያሉ መስለው ቢቀሩ እንዲያውም ደስ ይላል።

የደረቀ ግሪን ስታፍ አይሟሟም። በቢላ ነው የሚወጣው፤ በትዕግሥት፣ ከጫፍ እየፋቁ። ሁለቱ ላይ ቢላው ፕላስቲኩን ጎዳው። ሜልታ የያዘውን ሙሉ ክንዱን ቆርጬ ጣልኩ። ሌላ ሜልታ ለመንኩ። ከትከሻው እስከ ክንዱ ቀጭን ቀዳዳ በእጅ መሰርሰሪያ በስቼ፣ የነሐስ ሽቦ አስገብቼ በሱፐር ግሉ አያያዝኩት። በማጣበቂያ ብቻ የተያዘ ክንድ አንድ ቀን ይወድቃል። ሽቦ ያለው ግን አይንቀሳቀስም።

ጋቢው በዚህ ጊዜ ሁለት ቁራጭ ነው። አንዱ ከግራ ትከሻ ጀርባ ወርዶ በቀኝ ክንድ ሥር ይዞራል። ሌላው ደረቱን አቋርጦ ወደ ግራ ትከሻ ይወጣል፤ ጫፉ ጀርባ ላይ ይንጠለጠላል። መሣሪያው ከጨርቁ በላይ ነው የሚያርፈው። ጫፉን እንደ መጀመሪያዎቹ ወደ ውጭ አላንሳፈፍኩትም። ሞዴሉ የሚቆምበት ክብ 25 ሚሊሜትር ነው። ከዚያ ወጥቶ የተንሳፈፈ ጨርቅ ከጎረቤቱ ጋር ይጋጫል። ሣጥን ውስጥም ስፖንጁ ይይዘዋል፤ አንዱን ልክ እንዲህ ነው የሰበርኩት። አሁን ሁሉም ከሥራቸው ማግኔት አላቸው። ብረት ትሪ ላይ ቆመው ይሄዳሉ፤ ጋቢያቸውን የሚነካ ነገር የለም።

ቀለም ላይ መሣሪያውን እንዲናገር ተውኩት። የሜልታው ጫፍ እሳት እንደመታው ብረት ከሰማያዊ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። የፕላዝማው ጥቅልል ደማቅ ሰማያዊ ነው። የፍሌመሩ አፍ ጥላሸት ለብሶ አንዲት ብርቱካናማ ነጥብ አለችው። ግሪኔድ ላንቸሩን ወፍራም ክብ የቦምብ መያዣው ራሱ ይለየዋል፤ ከሰማይ በታች ሌላ ነገር አይመስልም፣ ስለዚህ አልነካሁትም።

ጥለቱን ለቡድን መለያ አደረግኩት። አንደኛው ቡድን ቀይ ሆኖ ቀረ። ሁለተኛውን ጥቁር አረንጓዴ፣ ሦስተኛውን ሰማያዊ ቀባሁት። ለዚህ 20 ወታደር ላይ ያለውን መስመር እንደገና መሳል ነበረብኝ። ከሁሉ የሰለቸኝ ይሄ ነው። ከሁሉ የጠቀመኝም እሱ ነው። አንድ ክፍለ ጦር መሆናቸው ደግሞ ምንም አልጠፋም። ጋቢው ይበቃል።

እንደገና ደረደርኳቸው። በዚያው ርቀት ፎቶ አነሳሁ። ልጁ መፈለጊያ ቦታውን እንዳያስታውስ አቀማመጡን ቀይሬ ላክሁለት። ከስድስቱ ስድስቱንም አከበበ። ቡድኖቹንም ለየ። "ሜልታው ቆንጆ ነው" ብሎ ጻፈልኝ።

እንደገና

ከወራት በኋላ ሌላ ውድድር ላይ ወጣሁ። ቦታው ሌላ ነው። የገጠመችኝ አንዲት ወጣት ናት፤ የያዘችው ጦር በትልልቅ ተራማጅ ማሽኖች የተሞላ። ዝርዝሬን ሰጠኋት። ገና ስናሰልፍ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በሁለት እጇ ተደግፋ ቃኘችው። በጣቷ እየጠቆመች ቆጠረች። ፕላዝማ፣ ፍሌመር። ፕላዝማ፣ ግሪኔድ። ወደ ሰማያዊው ጥለት መጣችና ቆመች። "እዚያ ያለው ሜልታ ነው" አለች። አዎ አልኳት።

ወታደር 6 ኢንች ይራመዳል፤ ሜልታው 12 ኢንች ይደርሳል። እሷ በየዙሩ ሜትሯን ዘርግታ 18ቱን እየለካች ትልልቆቹን ማሽኖች ከዚያ መስመር ውጭ ብቻ አንቀሳቀሰች። ሦስተኛውን ቡድን ወደፊት ሳስኬድ ወደ ኋላ ታፈገፍጋለች። በግራ ሳመጣው በቀኝ ትሄዳለች። በዚያ መሀል ሌሎቹን ሁለት ቡድኖቼን ጨረሰቻቸው። ተሸነፍኩ።

ሜልታው ጨዋታው እስኪያልቅ አንድም ጊዜ አልተኮሰም።